ሰባት ቤት እና አንዲት እንቁላል

ይድረስ ለጓዴ ለመኮንን፤

አስቀድሜ ስለ እኔ የሚወራውን ላርም። እዚህ ቦሌ ሚካኤል «ቲቸር ልጇን ረግማ ማህፀኗን አዘጋችው» ይባላል። ሐሰት ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ ሐሰት። ሰናይትን አልረገምኩም፤ በሕይወቴ ማንንም ረግሜ አላውቅም፤ ጀርባዬን ለሰሌዳ ስሰጥ ጠመኔ የወረወረብኝን ልጅ እንኳ። ማህፀኗም አልተዘጋም። ጤነኛ ነው፤ ሐኪሙ በመሣሪያ ሲያይ እኔም ከጎኑ ቆሜ አይቻለሁ። ያለቁባት እንቁላሎቿ ናቸው። ማህፀንና እንቁላል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለዚህ ሰፈር ግማሽ ሕዝብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለፈተና ያህል ያዙት እንጂ ለኑሮ የያዘው ሰው አላገኘሁም።

ወሬውን ያመጣችልኝ ጎረቤታችን ጥሩነሽ ናት። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ክንዴን ይዛ «ቲቸር፣ እኔስ አላመንኩም፤ ሰው ነው እንዲህ የሚለው» አለችኝ። ያላመነ ሰው ወሬ ተሸክሞ ደጅ ድረስ አይመጣም። ሆኖም አልተቆጣኋትም። ለሰናይት የተናገርኩት ዓረፍተ ነገር እርግማን ባይሆንም የእርግማን ጎረቤት መሆኑን አውቃለሁ። ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ትንሽ ታገሠኝ።

ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አልጻፍኩልህም፤ ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የቦዘነ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ነው። የሰጠሁህ አንድ ቃል አለ። ነገ ጠዋት ላፈርሰው አስቤያለሁ፤ ፈቃድህን የማገኝበት መንገድ ደግሞ የለኝም።

ቤቱን ብታየው አታውቀው ይሆናል። መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ሁለት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ፤ ዘይቱናችንም በዚያው ተቆረጠች። ጓሮ ያለችው የመሣሪያ ክፍልህ ግን አልተነካችም። የመፍቻ ሳጥንህን ለሰናይት ባል ለኤርሚያስ ሰጠሁት፤ መፍቻዎቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ በተርታ እንዲያስቀምጥ አስጠንቅቄ። ይህን ስትሰማ ፈገግ እንደምትል አውቃለሁ። አውሮፕላኖቹ እንደ ድሮው በጣሪያችን ላይ ያልፋሉ። አንተ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ በድምፁ ብቻ ዓይነቱን ትነግረኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የአውሮፕላን ሞተር ሲፈታ የኖረ ጆሮ አይሳሳትም። እኔ አንዱን ከሌላው መለየት ሳልማር ቀረሁ። አሁን አንዱ ባለፈ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ማታ ከሚያልፉት በአንዱ ላይ ልጃችን አለች።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ሰናይት አርባ አንድ ዓመቷ ነው። አንተ ስትታመም ልጅ መሞከር ከጀመሩ ወራት አልፈው ነበር፤ በሕመምህ ላይ እንዳይጨምሩብህ አልነገሩህም። አንተ ከሄድክ በኋላም አንድ ዓመት ጠበቁ፣ ሁለት ዓመት ጠበቁ። ከዚያ ሃያ ሁለት አካባቢ ወዳለ አንድ ሕክምና ቤት ሄዱ። እኔም አብሬ እሄድ ነበር፤ እሷ ጠይቃኝ ነው፣ ይህን ልብ በል። «እማ፣ የሚሉትን አንቺ ትረጂዋለሽ» አለችኝ።

ከማህፀን ውጭ የማስፀነስ ሕክምናውን በሁለት ዙር ሞከሩ። በየቀኑ ሆዷን በመርፌ ራሷን ትወጋ ነበር፤ እንቁላሎቿ ብዙ ሆነው እንዲበስሉ ነው። ሆዷ በልዞ በልዞ ሳየው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በመጀመሪያው ሦስት እንቁላል ወጣላት። ሁለቱ ጥሬ ነበሩ። አንዷ ከኤርሚያስ ዘር ጋር ተገናኝታ፣ ለሁለት ተከፍላ፣ ለአራት ተከፍላ፣ ቆመች። ሰናይት ያቺን አራት ሕዋስ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ነበር። አሳየችኝ። አራት የውኃ ጠብታ የመሰለ ነገር ነው። እኔ በሥዕል ስንት መቶ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የሣልኩት ነገር፣ የልጅ ልጄ ሆኖ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። በሁለተኛው ዙር አንድም አልወጣም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። ሊያስረዳኝ ብሎ በወረቀት ላይ ሣለልኝ፤ እንቁላሉን ከወንዱ ዘር አሳንሶ ሣለው። እስክሪብቶውን ተቀብዬ አረምኩት። «ይቅርታ እናቴ፣ ሥዕል አልችልም» ብሎ ሳቀ። ሰናይትም ሳቀች። ያን ቀን የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ልጄ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ «ዕድሜዋ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ዕድሜም እንዳለበት፣ ከተፈጥሮዋም ሊሆን እንደሚችል፣ ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት ቢመጡ ዕድላቸው ሳይሻል እንደማይቀር፣ ግን በእርግጠኝነት የሚናገር ሐኪም እንደሌለ ነገረኝ። እኔ የሰማሁት «ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት» የሚለውን ነው። ቆጠርኩ። ቆጥሬም የት እንደነበርን አወቅኩ።

ታስታውሳለህ? እዚያው በረንዳችን ላይ ነበርን። ሰናይት ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ ቦሌ አራብሳ የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ገና ቀለም እንኳ አልተቀባም። ልጅ ለመውለድ እንዳሰቡ፣ ኤርሚያስም እንደጓጓ ነገረችን። አንተ «ተያት፣ ጊዜውን እሷ ታውቃለች» አልከኝ። እኔ ግን ተናገርኩ። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪሽን ብያት ነበር፤ ጨርሳለች። ያን ቀን ደግሞ ቤቱ ይለቅ፣ መብራትና ውኃ ይግባ፣ ሥራሽ ላይ እድገቱን ካገኘሽ በኋላ ይሁን አልኩ። ቀጥዬም «ልጅ የትም አይሄድም» አልኳት።

ልጅ የትም አይሄድም። ይህን ያለችው ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረች ሴት ናት።

መኮንን፣ የሠራህልኝን ኳስ አስታውስ። ተማሪዎቼ የእንቁላልንና የወንድ ዘርን መጠን አላመዛዝን ሲሉኝ፣ ከሥራ ባልደረባህ ጋር ሆነህ ብርቱካን የሚያህል ኳስ ከዋንዛ እንጨት በቶርኖ ማሽን ጠርበህ አወጣህልኝ፤ ከጎኑ የምይዘው ባለ ራስ ስፒል ሰጠኸኝ። ኳሱ እንቁላሏ ናት፤ የስፒሉ ራስ የወንዱ ዘር። በየዓመቱ ያንን በሁለት እጄ ይዤ ክፍል እገባ ነበር። የሳቀ ይቆማል፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አይቀመጥም። የወንዱ ዘር ድርሻውን ብቻ በጉያው ይዞ፣ ስንቅ ሳይዝ የሚመጣ መንገደኛ ነው እላቸው ነበር። ስንቁን የምትሰንቀው እንቁላሏ ናት። ፅንሱ ከማህፀን ግድግዳ ተጣብቆ ከእናቱ ደም መቀበል እስኪጀምር ድረስ የሚኖረው እሷ በያዘችው ስንቅ ነው።

መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የማቆየውን ነገር እናገራለሁ። ወንድ ዘሩን ከጎረመሰ ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ ያመርታል። ሴት ልጅ ግን እንቁላሎቿን ይዛ ትወለዳለች። በእናቷ ሆድ ሳለች ተሠርተው ያልቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም። እናንተ የሆናችሁባት እንቁላል፣ አያታችሁ እናታችሁን ባረገዙ ጊዜ በአያታችሁ ሆድ ውስጥ ነበረች። ይህን ስል ቆመው የነበሩት እንኳ ጸጥ ይሉ ነበር።

መቀነስ እንጂ መጨመር የለም። በአፌ ያልኩት፣ በእጄ የጻፍኩት፣ በፈተና ያወጣሁት፣ የተሳሳተውን በቀይ ያረምኩት ነገር ነው። ለሰው ልጅ ሳስተምረው ኖሬ ለገዛ ልጄ ስደርስ ረሳሁት። አልረሳሁትም፤ ልዋሽህ አልፈልግም። አውቀው ነበር፤ ግን የእኔን ልጅ የሚመለከት አልመሰለኝም። ሕግ ሁሉ ከቤቴ ደጅ የሚቆም ይመስለኝ ነበር።

ሰናይትን ባረገዝኩ በአምስተኛው ወር እግሬ አብጦ አንተ በጣሳ ሞቅ ያለ ውኃ ታመጣልኝ ነበር። ያን ጊዜ በሆዴ የተሸከምኩት አንድ ልጅ አልነበረም። ሰናይትንም፣ የሰናይት ልጆች ሊሆኑ የሚችሉትንም ሁሉ ተሸክሜ ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ። ከእነዚያ ሁሉ አንዷም አልተረፈችም። ሰዉ ለዚህ ለቅሶ አይቀመጥም። ድንኳን አይተከልም፣ ዕድር አይጠራም። የሞተው ማን ነው ብትለኝ ስም የለኝም። ግን ሐዘን ላይ ነኝ፤ ማንም «እግዜር ያጥናሽ» ያላለኝ ሐዘን።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ ደረስኩ።

ከሕክምና ቤቱ ወጥተን እዚያው ሃያ ሁለት አንድ ካፌ ገባን፤ እሷና እኔ ብቻ። ሰናይት ማኪያቶ አዘዘች፤ እኔ ሻይ። ማኪያቶዋን እያማሰለች ነገረችኝ። ህንድ አገር ሌላ ሴት እንቁላሏን ትሰጣለች። እንቁላሏ ከኤርሚያስ ዘር ጋር ይገናኛል፤ ፅንሱ በሰናይት ማህፀን ይቀመጣል። ተሸክማ የምትወልደው እሷ ናት፤ የምታጠባው እሷ ናት። የሰጪዋ ስም አይነገራቸውም፤ እሷም የእነሱን አታውቅም። በደንብ አዘጋጅታው ነው የነገረችኝ፤ ተማሪ እንደሚያጠና አጥንታው። መጨረሻ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ውጤቷን የምትጠብቅ ልጅ ዓይን ነበራት።

እኔም እንዲህ አልኳት፦ «እናቱ ማን እንደሆነች የማይታወቅ ልጅ ሰባት ቤቱ አይቆጠርም፤ ከእኛም አይቆጠርም።»

ይኸው ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አንድም አልቀነስኩም።

ሰናይት ማንኪያውን ከስኒው አጠገብ አስቀመጠች። «እናቱማ እኔ ነኝ፣ እማ» አለችኝ። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ ማኪያቶዋ እንደነበረ ቀረ። ሰባት ሳምንት ሆነው። አልደወለችልኝም። እኔም አልደወልኩላትም፤ ስልክ ላይ ድምፄ የመምህር ድምፅ ይሆናል፣ አውቀዋለሁ።

ለምን እንዲያ አልኳት? አስቤበታለሁ። እርግጥ ነው፣ አባቴ ዘር ቆጣሪ ነበር፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ አይሆንም፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ እያለ አሳድጎኛል። እርግጥ ነው፣ የማላውቃት ሴት እንቁላል በልጄ ሆድ ሲገባ ማሰብ አስፈርቶኛል። ግን እውነቱ ይህ አይደለም። እውነቱ፣ ሰናይት የሌላ ሴት እንቁላል ያስፈለጋት የራሷ ስላለቁ ነው፤ የራሷ ያለቁት ደግሞ እኔ ጠብቂ ስላልኳት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ እርግጠኛ አይደለም፤ እኔም አልሆንም፤ እስክሞት ድረስም አልሆንም። ጥፋቴን ከማየት ይልቅ የአባቴን ሕግ ከፊቴ አቆምኩ። ለመምህርነት ያሠለጠኑን መምህራን «ስህተቱን እንጂ ተማሪውን አትምቱ» ይሉን ነበር። እኔ ስህተቱ የራሴ ሲሆን ተማሪዋን መታሁ።

እሱም ብቻ አይደለም። ያንን ዓረፍተ ነገር የተናገርኩት በአንተ ላይም ነው፤ አንተ ሰምተኸው ከሆነ ከማንም በፊት የቆሰልከው አንተ ነህ። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፍልህ።

ሽማግሌ የላክህብንን፣ አንተም አብረህ የመጣህበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ በበሩ ስንጥቅ አይህ ነበር። አባቴ ከሌላው ሁሉ በፊት ዘርህን ጠየቀ። አንተ ከመንዝ የመጣህ ቀጭን ልጅ፣ ጋቢህ ከአንተ የሚሰፋ፣ ቀጥ ብለህ ቆምክ። ከአባትህ ከአባባ ወልደሐና ጀምረህ በአባት በኩል ሰባት ቤት ቆጠርክ። በእናት በኩል ሰባት ቤት ቆጠርክ። አልተደናቀፍክም፣ ትንፋሽ እንኳ አልወሰድክም። አባቴ ለእናቴ «ዘሩን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሌላው ይቆያል» አላት። እኔን የሰጠኝ በዚያ ቆጠራ ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ እግሬ አብጦ ውኃ ባመጣህልኝ በዚያው ሰሞን፣ ጎንበስ ብለህ እግሬን እያጠብክ ነገርከኝ። አባባ ወልደሐና አልወለዱህም። ወላጅ አባትህ አንተ ጡት ስትጠባ በነበርክ ጊዜ ሞቷል፤ እናትህ በስድስት ዓመትህ እጅህን ይዛ ወደ እሳቸው ቤት አመጣችህ። የሞት ሕመም ይዟት ነበር፣ ይህንንም ታውቅ ነበር። እሳቸውና ሚስታቸው ልጅ አልነበራቸውም። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ አባባ ወልደሐና አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ወደ አፍህ ሰጡህ፤ ጠባኸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጡት ልጃቸው ሆንክ። ስለ ወላጅ አባትህ የምታውቀው ሁለት ስም ብቻ ነው፦ ተክሌ፣ የእንግዳ ልጅ። ከእንግዳ በላይ ያለውን የሚያውቅ ሰው በሕይወት አልቀረም።

እግሬን ከውኃው አወጣሁ። «አባቴን ዋሸኸው» አልኩህ። አንተ ፎጣውን እንደያዝክ፣ ድምፅህን ከፍ ሳታደርግ፣ «አልዋሸሁም፤ አባትህ ማነው አሉኝ፤ አባቴን ነገርኳቸው» አልከኝ።

አሥራ አንድ ቀን አላነጋገርኩህም። በእነዚያ ቀናት ያሰብኩትን ዛሬ ብነግርህ አያሳፍረኝም፤ ዘመድ ሆነን ቢሆንስ ብዬ አስቤያለሁ። ልጄ ቤቱ የማይቆጠር ልጅ ልትሆን ነው ብዬ አስቤያለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደክሞኝ ተውኩት፤ ትልቅ ነገር ተገልጦልኝ አይደለም። አንተ ቁርሴን አቅርበህ እጅህን ታጥበህ ወደ ሥራ ስትወጣ አየሁህ፤ ያንን ሰው ካልቆጠርኩት የምቆጥረው ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ከዚያ ሰናይት ተወለደች። ክርስትናዋ ዕለት አባባ ወልደሐና ከመንዝ በአውቶቡስ መጡ። ታቅፈዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲቆሙ የመጣው ሰው ሁሉ «ግንባሯ ቁርጥ የአያቷን» አለ። እኔ የባዮሎጂ መምህርቷ በመሃል ቆሜ ሰማሁ። ከእሳቸው ወደ እሷ የሚተላለፍ አንድም ነገር እንደሌለ ከዚያ ሁሉ ሰው የምናውቀው እሳቸው፣ አንተና እኔ ብቻ ነበርን። ግን ግንባሯን አየሁት። የእሳቸውን ይመስላል፤ ዛሬም ይመስላል፤ ስትቆጣ እሳቸው እንደሚያደርጉት መሃሉ ላይ ትቋጥረዋለች። ካፌው ውስጥም ቋጥራው ነበር።

ቃል ያስገባኸኝ ያን ማታ ነው። «ልጄ አያቷን እንዳታጣ፤ እኔም ከሞትኩ በኋላ ቢሆን አትንገሪያት» አልከኝ። ቃል ሰጠሁህ። አርባ ዓመት ጠበቅሁት። አባባ ወልደሐና ሲሞቱ ሰናይት መንዝ ድረስ ሄዳ እንደ ልጅ ልጅ አለቀሰች፤ ዝም አልኩ። አንተን ስንቀብር ስምህን ከስማቸው ጋር አስጠራሁ፤ ዝም አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ኤርሚያስ ከእሷ ተደብቆ ደወለልኝ። «እማዬ፣ የምንበረው ነገ ማታ ነው። እንደነገርኩዎት አይንገሯት። ‹ከመጣች ትምጣ፣ አትለምናት› ብላኛለች» አለኝ። ድምፁ እንደ ልጅ ነበር። ከዚያ ጨመረና፣ ሰናይት ሌሊት ሌሊት እየተነሣች «እማ እውነቷን ቢሆንስ? ልጁ ማን ነኝ ሲለኝ ምን እለዋለሁ?» እንደምትለው ነገረኝ። ያቺን ጥያቄ በልጄ አፍ ውስጥ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ይዛት ልትበር ነው። ሐኪሞቹ ፅንሱን ሲያስቀምጡ ጥያቄዬም አብሮ ሊቀመጥ ነው።

መልሱ ደግሞ በእጄ አለ። በዓለም ላይ መልሱን የያዘ ሌላ ሰው የለም፤ አንተ ሞተሃል። ልጁ ማን ነኝ ሲላት «አባቴ በማር አባት ያገኘ ሰው ነበር፤ አንድም ቀን አባት የለኝም ብሎ አያውቅም» ልትለው ትችላለች። ግን ይህን ለመንገር አያቷን ልወስድባት ነው፤ ያውም ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት። ግንባሬ የእሳቸው ነው ስትል የኖረች ልጅ ናት። ብትሰበርብኝስ? እናቴም አያቴም በአንድ ሰሞን ካዱኝ ብትልስ? እንደዚህ ሆኖ ሄዳ ነገሩ ባይሳካ ቀሪ ዕድሜዋን ሁሉ ከእኔ ጋር ታያይዘዋለች። ቢሳካም ልጁን ላታሳየኝ ትችላለች። ደግሞም ባልነግራት ተመሳሳይ ነው። ሁለቱንም መንገድ እስከ መጨረሻው ሄጄ አየሁ፤ በሁለቱም መጨረሻ የቆምኩት ብቻዬን ነው።

አንድ ምልክት እንድትሰጠኝ ቅድም ፎቶህ ፊት ቆሜ ነበር። ይህንን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ተማሪ ቢያደርገው የምስቅበት ነገር። ምንም አልሰጠኸኝም። አውሮፕላን አለፈ፤ ዓይነቱን አላወቅኩም።

ስለ ሰጪዋ ሴትም አስባለሁ። ስሟን ማንም አይነግረኝም። ወጣት መሆኗን ብቻ አውቃለሁ፤ እሷም ሆዷን በመርፌ ወግታለች። እሷንም ከነእንቁላሎቿ በሆዷ የተሸከመች እናት አለቻት፤ ያቺም የሚወለደው ልጅ አያት ናት። ለእኔ ልጅ ስንቅ የምትሰንቅ እሷ ናት። እጅህን ይዛ ወደ አባባ ወልደሐና ቤት የመጣችውን እናትህንም አስባለሁ፤ እሷም ለማታውቀው ቤት ልጅ ሰጥታ ሄደች፤ ስሟን እንኳ አልነገርከኝም። ዛሬ ብትኖር እጠይቅህ ነበር።

ስለዚህ ፈቃድ አልጠይቅህም፤ እያፈረስኩት መሆኑን አሳውቅሃለሁ። ቃሌን ያልጠበቅሁበት ይህ ብቻ ነው። ስመጣ ትቆጣኛለህ፤ ቀይ እስክሪብቶውን እኔው አመጣልሃለሁ። የምገባልህ አዲስ ቃል ግን አለ። ከእንግዲህ አንተን ሳስታውስ ሙሉውን አስታውሳለሁ፤ ቀጥ ብለህ ሰባት ቤት የቆጠርከውን ወጣት ብቻ ሳይሆን፣ የሰው ሽማግሌ አውራ ጣት ይዞ ማር የሚጠባውን የስድስት ዓመት ልጅም። ተክሌንና እንግዳንም በጸሎቴ እጠራቸዋለሁ፤ ከእነሱ በላይ ያሉትን ደግሞ ስማቸውን ባላውቅም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው። ሳይነጋጋ ተነሥቼ እታጠባለሁ፤ ነጠላዬን ሳይሆን ካፖርቴን እለብሳለሁ፣ አራብሳ ጠዋት ይበርዳል። የዋንዛዋን ኳስ መደርደሪያው ላይ እተዋታለሁ፤ ነገ የማስተምረው ትምህርት የለኝም። ከቁም ሣጥኑ ማሩን አውጥቼ በትንሿ ጠርሙስ እቀዳለሁ፣ ክዳኗን በጨርቅ አስራለሁ። ጥሩነሽ ደጅ ላይ ካገኘችኝ ወዴት እንደምሄድ እነግራታለሁ፤ ወሬው ቢያንስ ትክክለኛ ይሁን። ከሚካኤል ታክሲ ይዤ፣ ቀይሬ፣ አራብሳ እወርዳለሁ። አራት ፎቅ ነው፤ በየፎቁ አርፋለሁ፣ ግን አልመለስም። በሩ ሲከፈት ከሰላምታ በፊት «ተሳስቻለሁ» እላለሁ፤ ምክንያት አልጨምርበትም። ከዚያ ማሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስለ አንተ እነግራታለሁ።

ካልከፈተችልኝ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ከበሩ ውጭ ሆኜ፣ እንድትሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እቆጥርላታለሁ፦ ገና ስም ያልወጣለት፣ ሰናይት፣ መኮንን፣ ወልደሐና።